የጭነት ማራገፊያ፤ ስለ አንድ የልጆች መጽሐፍ ፍጻሜ በጀልዴሳ የተነገረ ዲስኩር



ስለ አንድ የልጆች መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፎች ዲስኩር እንዳደርግ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ አስቀድሞ ወደ ኅሊናዬ የመጣው አሳብ፣ ነገሩ ከታላላቅ ከተሞች አዳራሽ ይልቅ ለዚህ ስፍራ የሚስማማ መሆኑ ነበር። መጽሐፉ የሚጀምረው በአንድ ዝንጀሮ ነውና፤ ጀልዴሳ የሚለውም ቃል በኦሮምኛ ዝንጀሮ ማለት እንደ ሆነ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ከዝንጀሮው ቀጥሎ የሚመጣው አህያ ነው፤ ያለ አህያ ደግሞ የዚህ ስፍራ ታሪክ ሊጻፍ አይችልም። በመጨረሻም የመጽሐፉ ልጆች ከዚህ ዓለም የሚለዩት በባቡር አደጋ ነው፤ ባቡር ለጀልዴሳ ምን እንዳመጣባት፣ ወይም ምን እንደ ወሰደባት፣ ከአያቶቹ የሰማ ሁሉ ያስታውሳል። ደራሲው ወደ አገራችን ከቶ አልመጣም፤ የጀልዴሳን ስም መስማቱንም እጠራጠራለሁ፤ ነገር ግን ዝንጀሮን፣ አህያንና ባቡርን በአንድ መጽሐፍ ካሰባሰበ በኋላ ለጀልዴሳ ሰው ባዕድ ነኝ ሊል የሚችል አይመስለኝም።

መጽሐፉ «የመጨረሻው ውጊያ» ይባላል፤ ደራሲውም ሲ. ኤስ. ሉዊስ ነው፤ ዓመታቱን፣ ሌላ ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁና፣ በ1898 በቤልፋስት ተወልዶ፣ በኦክስፎርድ ኋላም በካምብሪጅ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር ኖሮ፣ በ1963 ያረፈ ሊቅ ነው። እንስሳት እንደ ሰው ስለሚናገሩባት፣ ናርኒያ ስለምትባል ምናባዊት አገር ከ1950 እስከ 1956 ድረስ ሰባት መጻሕፍት ጻፈ፤ ይህ ሰባተኛውና መዝጊያው ሲሆን፣ በእንግሊዝ አገር ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን የካርኔጊ ሜዳይ ያገኘው በእርሱ ነው። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ይህ መጽሐፍ በለንደን የታተመበት ዓመት በእኛ አቆጣጠር 1948 ዓ.ም. መሆኑ፣ በዚያውም ዓመት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለውን መጽሐፋቸውን ማሳተማቸው ነው። ሁለቱ ሰዎች አይተዋወቁም፤ ነገር ግን አንዱ በዝናማዪቱ እንግሊዝ፣ ሌላው በእኛ ሰማይ ሥር፣ ትልልቅ ሰዎች ሆነው ሳሉ ተረትን ቁም ነገር አድርገው ወደ ማተሚያ ቤት ላኩት።

በአገራችን ልማድ ተራኪው «ተረት ተረት» ባለ ጊዜ ሰሚው «የመሠረት» ብሎ ካልተቀበለው ነገሩ አይጀመርም፤ ተራኪው ሲጨርስ ደግሞ ተረቱን እንዲመልሱለት፣ አፉንም በዳቦ እንዲያብሱለት ይጠይቃል። ይህን የመዝጊያ ቃል በልጅነታችን ዳቦውን ብቻ እያሰብን ሰምተነው አልፈናል፤ እኔም ብዙ ዘመን ከዚያ የበለጠ ነገር አላየሁበትም ነበር። ኋላ ግን፣ በዚህ በጀልዴሳ በኩል ያልፍ የነበረውን የሲራራ ንግድ ታሪክ ሳነብ፣ የቃሉ ትርጉም ድንገት ተገለጠልኝ። ከዘይላ ወደብ የተነሣው ሲራራ ጨርቁንና ጠመንጃውን በግመል ጭኖ፣ የኢሳን በረሃ አቋርጦ እስከዚህ ይደርስና፣ ከዚህ ወዲያ ወደ ሐረር የሚያወጣው የተራራ መንገድ ለግመል የማይመች ስለ ሆነ፣ ጭነቱን አራግፎ ለአህያና ለበቅሎ ያስረክብ ነበር፤ ከሐረር የሚወርደውም ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ እንዲሁ ከአህያ ወርዶ በግመል ይጫናል። ስለዚህ ጀልዴሳ የመንገዱ መጀመሪያም መጨረሻም ሳትሆን ሸክም ከጀርባ ወደ ጀርባ የሚተላለፍባት ስፍራ ነበረች። የተረት ፍጻሜም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ተራኪው እስከ ቻለበት ድረስ ተሸክሞ ያመጣውን ለሰሚው ጀርባ ያስረክባል፤ ዳቦው የኪራዩ ዋጋ ነው። እንግዲህ የአንድን መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፎች ስመረምር የምጠይቀው ጥያቄ፣ ነገሩ እንዴት አለቀ የሚል ሳይሆን፣ ሸክሙ በልጁ ጀርባ ላይ እንዴት ተጫነ፣ ገመዱስ በደንብ ታስሯል ወይስ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል የሚል ነው።

ላላነበባችሁት ታሪኩን በአጭሩ ልናገር። ሺፍት የሚባል ተንኮለኛ ዝንጀሮና ፐዝል የሚባል የዋህ አህያ በአንድ ፏፏቴ አጠገብ ሲኖሩ፣ ውኃው የአንበሳ ቆዳ ይዞ መጣ። ዝንጀሮው ቆዳውን ሰፍቶ ለአህያው አለበሰውና በአንድ በረት ውስጥ አኑሮ፣ በሌሊት በእሳት ብርሃን ከሩቅ እያሳየ፣ «የናርኒያ ጌታ ታላቁ አንበሳ አስላን ተመልሶ መጥቷል፤ አፈ ቀላጤውም እኔ ነኝ» አለ። በዚህ ሐሰት የሚናገሩትን እንስሳት አስገበረ፣ ዛፎቹን አስቆረጠ፣ ወገኖቹንም ካሎርመን ለሚባሉ ጎረቤቶች ለባርነት ሸጠ፤ በመጨረሻም አስላንና የካሎርመኖች ጣዖት ታሽ አንድ ናቸው ብሎ አወጀ። የናርኒያ የመጨረሻ ንጉሥ ቲሪያን ከጥቂት ታማኞችና ከእኛ ዓለም ከመጡ ሁለት ልጆች ጋር ተዋግቶ ተሸነፈ፤ በበረቱም በር ሲገባ፣ ጠባብና ጨለማ ይመስለው የነበረው በረት በውስጡ ሰማይ፣ ዛፍና ፍሬ ያለበት ሰፊ አገር ሆኖ አገኘው። የምነግራችሁ ከዚህ በር ወዲያ ስላለው ነው።

የአህያና የአንበሳ ቆዳ ነገር የጥንት ተረት ነው፤ ከኤዞፕ ጀምሮ ያልተረተው የለም። የሉዊስ ብልሃት ግን ሁላችን የምንስቅበትን ተረት ወስዶ የአንድ አገር ጥፋት መነሻ ማድረጉ ነው። አገር በጎራዴ ከመውደቋ በፊት በልብስ ስፌት ትወድቃለች፤ ጠላት በሩን ከመስበሩ በፊት የገዛ ወገን በረቱን ይከራያል። ይህ ሁሉ ግን መግቢያ ነውና ወደ በሩ እንመለስ።

በበረቱ ውስጥ ከንጉሡ አስቀድሞ ተወርውረው የገቡ ድንኮች ነበሩ። እነዚህ ድንኮች ሐሰተኛው አንበሳ አህያ መሆኑ ሲገለጥላቸው ደስ አላላቸውም፤ ይልቁንም ከእንግዲህ ወዲህ ማንም አያታልለንም፣ ለእውነተኛው አንበሳም ቢሆን አንገዛም፣ ድንክ ለድንክ ብቻ ነው ብለው በውጊያው ሁለቱንም ወገን የወጉ ናቸው። አሁን በዚያ ብርሃን በሞላበት መስክ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ ለእነርሱ ግን የሚታያቸው የበረት ጨለማ ነው፤ አበባ ወደ አፍንጫቸው ቢያስጠጉላቸው እበት ሸተተን ይላሉ። በቀድሞዎቹ መጻሕፍት ከእኛ ዓለም ወደ ናርኒያ ከመጡት፣ አሁንም በዚያ መስክ ከተገኙት ልጆች አንዷ የሆነችው ትንሿ ሉሲ አልቅሳ ስለ ለመነችላቸው አስላን ታላቅ ግብር አቀረበላቸው፤ ጥብሱም ወይኑም ጣፋጩም በፊታቸው ተደረደረ፤ እነርሱ ግን ድርቆሽና የጎመን ቅጠል የሚበሉ፣ አህያ የጠጣበትን የገንዳ ውኃ የሚጠጡ መሰላቸው፤ ይባስ ብለው ባልንጀራዬ የተሻለ አግኝቷል በሚል ጥርጥር ተደባደቡ።

ከመጽሐፉ ሁሉ ይህን ምዕራፍ አስበልጣለሁ። ከዋክብት ከሚረግፉበት ምዕራፍ ይልቅ ይህ ያስፈራኛልና፤ ምክንያቱም የከዋክብትን መርገፍ አላየሁም፣ ድንኮቹን ግን አይቻለሁ። በልጅነቴ በሰፈራችን የነበሩ አንዲት ወይዘሮ፣ ከገበያ የገዙት ቅቤ ሙዝ የተቀላቀለበት ሆኖ ስላገኙት እጅግ አዝነው፣ ከዚያ ቀን በኋላ በቅቤ የሚምሉትን ሁሉ ሐሰተኛ ይሉ ነበር። ከዓመት በኋላ እኅታቸው ከባላገር፣ በገዛ እጃቸው የናጡትን፣ በቅል የታሸገ ቅቤ ይዘው ቢመጡ፣ ወይዘሮዪቱ በብረት ምጣድ ላይ አቅልጠው፣ አሽትተው፣ ደግመውም አሽትተው፣ «ይህም ያው ነው» ብለው ከደጅ ደፉት። እኅትየው ምንም ሳይናገሩ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲወጡ ትዝ ይለኛል። በሐሰት የተታለለ ሰው ሐሰትን መጥላቱ ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን አንዳንድ ጊዜ ሰው ሐሰትን በመጥላት ጀምሮ እውነትን በመጥላት ይፈጽማል፤ የዝንጀሮውም ዋነኛ ኃጢአት አህያውን አንበሳ ማስመሰሉ ሳይሆን፣ እውነተኛው አንበሳ በመጣ ጊዜ የሚያምንበት ሰው እንዳይኖር ማድረጉ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የናርኒያ ሌሊት ይመጣል። ከምድር በታች ተኝቶ የነበረው ግዙፍ የዘመን አባት ነቅቶ መለከት ይነፋል፤ ከዋክብት ይረግፋሉ፤ ፍጥረት ሁሉ ወደ በሩ እየሮጠ የአስላንን ፊት ያያል፤ ገሚሱ በቀኙ ይገባል፣ ገሚሱ በግራው በኩል ወደ ረጅሙ ጥላው ይሰወራል፤ ባሕር ምድሪቱን ይሸፍናል፣ ፀሐይም እንደ ብርቱካን ተጨምቃ ትጠፋለች። በዚህ ላይ ብዙ አልዘገይም። በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ በደብረ ዘይት እሑድ፣ ስለ ዳግም ምጽአት የሚነበበውን ቆሞ የሰማ ክርስቲያን፣ ስለ ቂያማ ቀንም በቁርኣን ቤት የተማረ ሙስሊም፣ በዚህ ምዕራፍ አዲስ ነገር አያገኝም፤ መጽሐፈ ሄኖክን በሙሉ በግእዝ ጠብቃ ላቆየች አገር ልጅም ከዋክብት እንደ ሰው ሲጠሩ፣ ሲወርዱና ሲቆሙ ማየት እንግዳ አይሆንበትም። ሉዊስ በዚህ ምዕራፍ የጥንቱ ወራሽ ነው፤ ወራሽነቱንም አይደብቅም።

ሁለት ጥቃቅን ነገሮች ግን የራሱ ናቸው። አንደኛው፣ ሁሉ ከጨለመና ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከልጆቹ ታላቅ የሆነው ፒተር፣ በእኛ አጠራር ጴጥሮስ፣ በሩን እንዲዘጋ ሲታዘዝ፣ በሩ በበረዶ ላይ እየተንጫረረ መሳቡ፣ የልጁም እጅ በዚያች ቅጽበት በብርድ ደንዝዞ የወርቁን ቁልፍ በችግር ማዞሩ ነው። ጴጥሮስ የተባለ ሰው መክፈቻ መያዙ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ፈገግ የሚልበት ምሥጢር ነው፤ የደነዘዘው እጅ ግን የደራሲው ጥበብ ነው። ዓለም ሲያልፍ እንኳ የሚዘጋውን ሰው ጣቱን ይበርደዋል። ሁለተኛው፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ ሉሲ ማልቀሷ ነው፤ ወንድሟ ፒተር በፊታችን ይህን የሚያህል ደስታ ሳለ ታለቅሻለሽን ሲላት፣ ንጉሡ ቲሪያን እንባውን ሳይሰውር፣ እናት ሆና ላሳደገችን አገር አለማዘን ብልግና ነው በሚል አሳብ ይደግፋታል። ይህን የንጉሡን ቃል አጥብቃችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁና።

አሁን ግን መጽሐፉን ለጥቂት ጊዜ አጥፈን ይህችን የቆምንባትን ምድር እንመልከት። የጀልዴሳ ዓለም እንዴት አለፈ? በ1875 ግብፃውያን ሐረርን ሲይዙ ይህችንም የሲራራ በር ያዙ፤ በ1885 ለቅቀው ወጡ። በ1886 ኮንት ፖሮ የሚባል ኢጣሊያዊ መንገደኛ ከነጓደኞቹ በዚህ አቅራቢያ ተገደለ። በ1887 መጀመሪያ፣ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ፣ ሐረር በዳግማዊ ምኒልክ እጅ ገባች፤ ራስ መኰንንም ገዢ ሆኑባት፤ ሲራራው ግን በጌቶች መለዋወጥ ሳይቋረጥ ይመላለስ ነበር። በ1891 በሚያዝያ ወር፣ ግጥሙን በወጣትነቱ ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ፣ ጉልበቱ በደዌ አብጦ መራመድ ስለ ተሳነው፣ በ16 ሰዎች ትከሻ ላይ በቃሬዛ ሆኖ ከሐረር ወርዶ በዚህ በኩል ወደ ዘይላ አለፈ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር በማርሴይ ሞተ። እርሱም በጀልዴሳ በኩል ካለፉት ሸክሞች አንዱ ነበር፤ በግመልም በአህያም ያልተጫነ፣ በሰው ትከሻ ያለፈ።

ከዚህ በኋላ ባቡር መጣ። ሐዲዱ ከጅቡቲ በ1897 ተጀምሮ፣ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ከባድና ወጪው የማይቻል ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ከተራራው ሥር በቆላው እንዲያልፍ ተወሰነ፤ በ1902 መጨረሻም ዛሬ ድሬዳዋ ከምንላት ስፍራ ደረሰ። በዚያ ጊዜ አዲስ ሐረር የሚል ስም ሰጧት። በጀልዴሳ ላይ መለከት አልተነፋም፤ ኮከብ አልወደቀም፤ የወርቅ ቁልፍ ይዞ በሩን የዘጋ፣ እጁም የደነዘዘ ሰው አልነበረም። ግመሎቹ በአንድ ቀን አልቀሩም፤ ዛሬ ከሚጠበቁት ያነሱ መጡ፣ ነገ ደግሞ ከዛሬው አነሱ፤ የመጨረሻው ሲራራ የትኛው እንደ ነበር በዚያን ቀን ቆሞ ያየው ሰው እንኳ የመጨረሻው መሆኑን አላወቀም። ታሪክ በር አይዘጋም፤ ገርበብ አድርጎ ትቶት ይሄዳል እንጂ። የልጆች ድርሰት ለልጁ የሚሰጠው፣ ታሪክም የሚነፍገው ነገር ይህ ነው፦ ያለፈው ነገር አለፈ የሚባልበት ሰዓት፣ የሚለቀስበትም ደጃፍ። ሉሲ ለናርኒያ ማልቀስ የቻለችው በሩ ሲዘጋ ስላየች ነው፤ የጀልዴሳ አሮጊቶች ግን ለየትኛው ቀን ይልቀሱ?

ወደ መጽሐፉ እንመለስ። ልጆቹና ንጉሡ በአዲሱ አገር ወደ ላይ እየወጡ፣ ወደ ውስጥም እየዘለቁ ሲሄዱ፣ የጠፋችባቸው ናርኒያ በዚያ ቆማ ያገኟታል፤ የቀድሞዪቱ ጥላ፣ ይህችኛዋ አማናዊት መሆኗን ይረዳሉ። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ሽማግሌ ሊቅ ይህ ሁሉ ከፕላቶ የተገኘ ነው ይላል፤ እኔ ግን የእኛ መምህራን በአንድምታው ከሚያስተምሩት ከምሳሌና ከአማናዊ፣ ከጽላሎትና ከአካል የራቀ ሆኖ አላገኘሁትም፤ የብሉይ መሥዋዕት ጥላ፣ የሐዲሱ አማናዊ እያለ ያደገ የቆሎ ተማሪ፣ ይህን ምዕራፍ ከኦክስፎርድ ተማሪ ቀድሞ ይገባዋል ብዬ ብናገር ትዕቢት አይሁንብኝ።

ጉዞው የሚፈጸመው ዙሪያውን በታጠረ፣ የወርቅ ደጃፍ ባለው፣ በተራራ ራስ ላይ ባለ የአትክልት ስፍራ ነው። በዚህ ላይ የግሌን ግምት ልጨምር። ገጣሚው ሚልተን ስለ ገነት በጻፈው ታላቅ ግጥም፣ በአራተኛው መጽሐፍ፣ የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚጠብቁበትን የአማራ ተራራ ከምድራዊ ገነቶች አንዱ አድርጎ ይጠራዋል፤ ይህም የንጉሣውያን ልጆች ግዞት የነበረው አምባ ግሸን ዝና ወደ አውሮፓ ተሻግሮ፣ በመንገድም አምሮና ተውቦ የደረሰበት ነው። ሉዊስ በ1942 በዚያው በሚልተን ግጥም ላይ ሙሉ መጽሐፍ የጻፈ ሊቅ ነበር። ስለዚህ በናርኒያ የመጨረሻ ተራራ ላይ የግሸን ጥላ በጥቂቱ አርፎበታል ብል፣ ማስረጃ አምጣ ለሚለኝ ዳኛ የማቀርበው ባይኖረኝም፣ ደስ ስለሚለኝ ብቻ አልተወውም። ይኸው የግሸን ዝና ነው ሳሙኤል ጆንሰንን በ1759 ስለ ራስሴላስ መስፍነ ኢትዮጵያ ያጻፈው፤ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሱት ይህ መጽሐፍ ደግሞ በመጨረሻው ምዕራፍ ምንም ነገር እንዳልተፈጸመ ራሱ ተናግሮ ያበቃል። አንዱ ሊቅ ልጆቹን ከተራራው አውርዶ የትም ሳያደርሳቸው ተወ፤ ሌላው ወደ ተራራው አውጥቶ ከዚያ ወዲያ ሌላ ተራራ አሳያቸው።

እስካሁን አመሰገንሁ፤ ከእንግዲህ ግን እወቅሳለሁ። ካሎርመኖች በዚህ መጽሐፍ ፊታቸው የጠቆረ፣ ራሳቸውን በጥምጥም የጠመጠሙ፣ ጢማሞችና ጎራዴያቸው የቆለመመ ሰዎች ናቸው፤ መጽሐፉ እዚህ በጀልዴሳ ቢነበብ፣ ከተማሪዎቹ አንዱ እጁን አንሥቶ «መምህር፣ እነዚህ የእኛ አያቶች ናቸውን?» ብሎ እንደሚጠይቅ አልጠራጠርም። ደራሲው ከዚህ ወቀሳ በከፊል የሚያመልጠው በአንድ ሰው ነው፤ ስሙም ኤሜት ይባላል። ይህ ወጣት የካሎርመን ወታደር ታሽን በፍጹም ልቡ ሲያመልክ የኖረ፣ ፊቱን ለማየት ሲል ሞትን ሳይፈራ ወደ በረቱ በገዛ እጁ የገባ ነው፤ ታሽን በዚያ ቢያጣውም አስላንን አገኘ፤ አስላንም በቅን ልብ የተደረገውን መልካም ሥራ ሁሉ ለእኔ እንደ ተደረገ ቆጥሬዋለሁ ብሎ ተቀበለው። ኤሜት በዕብራይስጥ እውነት ማለት ነው፤ አመነ ከሚለው ሥር የወጣ፣ በግእዝ አማን የምንለው ቃል ዘመድ ነው፤ እንግዲህ ቀድሞ አማናዊ ያልሁት ስፍራ ውስጥ አማን የሚባል ሰው ከባዕድ ሠራዊት መጥቶ ቀድሞ ገብቷል ማለት ነው። ምዕራፉ ያማረ ነው። ይሁን እንጂ ከአንድ ሕዝብ አንዱን ብቻ መርጦ ማዳን ለሕዝቡ ካሣ አይሆንም።

ሁለተኛው ወቀሳዬ ከዚህ ይበልጣል። በመጨረሻው ምዕራፍ፣ ልጆቹ ከዚህ ደግሞ እንሰደድ ይሆን ብለው ሲሰጉ፣ አስላን የባቡር አደጋ እንደ ነበረ፣ እነርሱም አባታቸውና እናታቸውም በዚያ እንደ ሞቱ፣ ስለዚህም ከእንግዲህ መለየት እንደሌለ ያበሥራቸዋል፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ዕረፍት እንደ ተጀመረ ዓይነት የደስታ ዜና ነው። ያለ ማስተዛዘኛ እንዲህ መናገሩን ለሥነ ጽሑፉ ድፍረት እቆጥርለታለሁ። ነገር ግን በዚያ ባቡር ያልነበረች አንዲት ልጅ አለች። ሱዛን፣ የፒተርና የሉሲ እኅት፣ በቀድሞዎቹ መጻሕፍት የናርኒያ ንግሥት የነበረች፣ አሁን ግን ናርኒያን እንደ ልጅነት ጨዋታ ቆጥራ ልቧ በከንፈር ቀለም፣ በስስ ካልሲና በግብዣ ተወስዷል ተብላ፣ በጥቂት መስመር ንግግር ከወዳጆች ቁጥር የወጣች ናት። እስቲ አስቡት፤ በአንድ ቀን አባቷን፣ እናቷን፣ ሁለት ወንድሞቿንና እኅቷን ባቡር ወሰደባት። በእንግሊዝ አገር በዚያ ማታ አንድ ቤት አለ፤ በዚያም አንዲት ወጣት ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ለቅሶ ደራሽ የለም፣ ድንኳን አልተተከለም፣ ቡና አፍልታ የምታድርላት ጎረቤት አልመጣችም። እናት ለሆነችን አገር አለማዘን ብልግና ነው ብሎ ንጉሡን ያናገረ ደራሲ፣ ሐዘንተኛዋን ራሷን ከደጃፉ ሳይደርስ አልፏት ሄደ።

የዚህን ነገር ክብደት ለእንግሊዛዊ አንባቢ ማስረዳት ሳያስቸግር አይቀርም፤ ለእናንተ ግን ማስረዳት አያስፈልገኝም። እዝን ላይ ያልተገኘ ጎረቤት በዚህ አገር እንዴት እንደሚታይ ታውቃላችሁ። ቀደም ብዬ የጭነቱን ሚዛን እመረምራለሁ ብዬ ነበር፤ ሚዛኑ ያዘነበለው በዚህ በኩል ነው። ስለዚህ መጽሐፉን ለልጆች የምታነቡ መምህራን ሆይ፣ ገጹ ሲያልቅ መጽሐፉን አትዝጉ፤ ልጆቹን ለሱዛን ለቅሶ እንዲደርሱ ላኳቸው፤ ምን ይዘው እንደሚሄዱ፣ ምን ብለው እንደሚያጽናኗት ይጻፉ። ተረቱን መልሱልኝ ማለት ምናልባት ይህ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። በአማናዊቱ አገር ሁሉ ደስ ሲለው፣ አንድ ደስ ያላለው ነበረ፤ አህያው ፐዝል። የአንበሳ ቆዳውን ካወለቀ ቆይቷል፤ ክፉ ልብም አልነበረውም፤ ጥፋቱ ባልንጀራው የነገረውን ሁሉ፣ እኔ ምን አውቃለሁ እያለ፣ መቀበሉ ነው። ሆኖም እውነተኛው አንበሳ ሲመጣ ምን ዓይን አለኝ ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። በመጨረሻው ምዕራፍ፣ ነገሥታቱና ንግሥታቱ ሁሉ ቆመው ሳሉ፣ አስላን አስቀድሞ የጠራው ይህን አህያ ነው። አህያውም ተንቀጥቅጦ ቀረበ፤ አንበሳው በጆሮው አንድ ነገር ሹክ አለው፣ ረጃጅም ጆሮዎቹ ወደ ታች ወደቁ፤ ቀጥሎ ሌላ ነገር ሹክ አለው፣ ጆሮዎቹ ተመልሰው ቆሙ። ሌሎቹ የተባለውን አልሰሙም፤ ደራሲውም አልጻፈውም።

ዛሬ ጥዋት ወደዚህ ስመጣ፣ ከመንገዱ ዳር ውኃ በጄሪካን የጫኑ ሦስት አህዮች የሚነዳ፣ ዕድሜው 10 ዓመት ያህል የሚሆን ልጅ አገኘሁና፣ የዲስኩሬ ጊዜ ገና ስለ ነበረ፣ ይህን ታሪክ በመንገድ ላይ ነገርሁት፤ አንበሳው ምን ያለው ይመስልሃል ብዬም ጠየቅሁት። ልጁ አህዮቹን በዓይኑ ተከትሎ ጥቂት አሰበና፣ ጆሮው የወደቀው ጭነቱን ስላነሣበት ነው አለ። ኋላስ ለምን ቆመ ብዬ ብጠይቀው፣ በአላዋቂነቴ እያዘነ ተመለከተኝ፤ «ተራግፎልሃል አለው ኣ!» ብሎ አህዮቹ ርቀውበት ነበርና እየሮጠ ተከተላቸው። እኔም ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ ስላልያዝሁ ወርጄ እቀመጣለሁ።